ሌባው በዋስ ወጣ፣ ጎላዎቹ ታሰሩ

ሐይቁ ዳር ባለችው ገበያችን ሞቶ ያልተደገሰለት ወይም አግብቶ ያልተበላለት ሰው ካለ ጥፋቱ የአፖንዲ አይደለም። አሥራ አንዱ ጎላዎቿ ሁሉንም አብልተዋል። አንድ ትልቅ ባለሥልጣን የሞተ ጊዜ ለስድስት መቶ አልቃሽ ያበሰለችው እሷ ናት። ከስድስት መቶው አምስት መቶ ሃምሳው ያለቀሰው ለምሳው እንደነበር እኛም እናውቃለን፣ ሟቹም ሳያውቅ አይቀርም። እኛ ሉዎች፣ የሐይቁ ዳር ሕዝብ፣ ሐዘናችን ሆድ አለው፤ ደስታችን ሁለት።

አፖንዲን በስሟ የሚጠራት የለም። ያገባች ሴት የምትጠራው በተወለደችበት አገር ስለሆነ "የገም ልጅ" ትባላለች። ሁለት ጎረምሶች ትልቁን ጎላ ለማንሣት ሲያቃስቱ ቆማ ታያለች፣ "አይዟችሁ ልጆቼ፣ ጥርሳችሁ እንዳይረግፍ" ትላለች፣ ከዚያ ራሷ ታነሣዋለች። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በጎላ ኪራይ ቤቷን ሠርታለች፣ አንዲት ልጇን አዎርን አስተምራ መምህር አድርጋለች።

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ አፖንዲ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሙሉ ድምፅዋ ስትዘምር፣ ጎላዎቿ አንድም ሳይቀሩ ጠፉ። የወሰዳቸው ኦግዌኖ ነው። ድንኳንና ወንበር አከራይ፣ የመዘምራን አለቃ፣ የሦስት ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ በአራተኛው ደግሞ ዕጩ። ድንኳንም ወንበርም ያለው ሰው ጎላ ሲጎድለው ምን ያደርጋል? ሞኝ ከሆነ ይገዛል። ኦግዌኖ ግን "ሆዴን ቆረጠኝ" ብሎ ከዝማሬው መሃል ወጣ። በአምስተኛው ቀን ጎላዎቹ ሆዳቸው አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ከመጋዘኑ ተገኙ። ቀለሙ ገና አልደረቀም። "ከመንገደኛ ነጋዴ ነው የገዛኋቸው" አለ፤ ይህን ሲል ቀለሙ ጣቶቹ ላይ ነበር።

ፖሊስ ኦግዌኖንም ጎላዎቹንም ያዘ። በማግሥቱ ኦግዌኖ በዋስ ወጣ። ጎላዎቹ ዋስ ስለሌላቸው ታሰሩ፤ ስማቸውም ተለውጦ ኤግዚቢት ተባሉ።

እንግዲህ የመንግሥትን ቸርነት ልብ በሉ። ለሰረቀው ሰው ቤት አለው፣ ጠባቂ አለው፣ ምሳ አለው፣ እስከ ፍርድ ቤት የሚያደርስ መኪና አለው። ለተሰረቀው ሰው ያለው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ነገ ነይ።

አፖንዲ አራት ወር ሙሉ ነገን ስትጠብቅ ከረመች። ከዚያ አዎርን ለልጃቸው ያጩት አማቾች በሁለት ሳምንት ውስጥ ለአይዬ እንደሚመጡ ላኩባት። አይዬ የእናት እሺታ ነው። የወንዱ ወገን መጥቶ እናቲቱን እሺ እስክትል ይለማመጣታል፣ እሷም እያበላች እሺታዋን ትጎትታለች። ለአገር ሁሉ ያበሰለች ሴት ለገዛ ልጇ አይዬ የሰው ጎላ ብትጥድ፣ እሺ የምትለው በየትኛው አፏ ነው? በገበያው ጎላ የሚያከራየው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ኦግዌኖ በዋስ በወጣ በወሩ አዳዲስ ጎላ ከከተማ ገዝቶ መጥቷል። ለካ መግዛትም ይችል ነበር።

"የገም ልጅ፣ አላከራይሽም?" አላት በገበያው መሃል። "ለጎረቤት ቅናሽ አለኝ።"

"ያንተን ጎላ ከምጥድ፣ አማቾቼን ጥሬ ዓሣ አበላቸዋለሁ!"

በዚያው ንዴቷ ለስድስተኛ ጊዜ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ከጓሮ ጭስ ሲወጣ አየችና ዞራ ገባች። ሃምሳ አለቃው እጅጌውን ሰብስቦ፣ ትልቁ ጎላዋ ውስጥ የበቆሎ ገንፎ ያማስላል።

"ይሄ የኔ አይደለም እንዴ?"

"ኤግዚቢት ነው፣ እማማ።"

"ኤግዚቢት ገንፎ ያበስላል?"

"ዝም ብሎ ሲቀመጥ እንዳይዝግ ብለን ነው።"

"አልሙኒየም! አልሙኒየም ዛገ ሲባል የት ሰምተህ ታውቃለህ?" ወደ ጎላው ጎንበስ ብላ አየች። "ደግሞ ይሄ እሳት ነው? ልታሳርረው እኮ ነው! ዞር በል ወዲያ!"

ማማሰያውን ነጥቃ ገንፎውን ራሷ ጨረሰችው። አሥራ ሁለት ፖሊሶች በሉ። እሷ ከዚያ በኋላ አጥሩ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች። "ነገ ነይ" አሏት፤ ጠግበው ስለነበር ግን በትሕትና ነው።

ነገን ትታ በቀጥታ ፍርድ ቤት ሄደች። ማንን እንደምትጠይቅ ስለማታውቅ በረንዳው ላይ ያገኘችውን በር ከፈተች። ውስጡ ትራስ ያላቸው ወንበሮችና ሻይ የያዘ ፔርሙዝ አለ። አኬሎ የምትባል ወጣት ሠራተኛ ከመቀመጫዋ ተነሣችላት።

"ይቅርታ ልጄ፣ የዳኛዋ ሳሎን ውስጥ ገባሁ መሰለኝ።"

"አይደለም፣ የእርስዎ ክፍል ነው።"

"የኔ? ምን አጥፍቼ?"

"ምንም። ክፍሉ ለተበደለ ሰው ነው። ከበዳይዎ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ እንዳይቀመጡ።"

አፖንዲ ወንበሩን በጥርጣሬ አየችው። "ምንም ላላጠፋ ሰው ወንበር መስጠት ከመቼ ወዲህ ነው የተጀመረው?"

የጎላዎቹን ነገር ነግራት ስትጨርስ፣ አኬሎ የተበዳዮችን መብት ሕግ ከመሳቢያዋ አወጣች። ሕጉ ከወጣ ዓመታት አልፈውታል፤ ከመሳቢያ መውጣቱ ነው የዘገየው። "ጎላዎቹ ፎቶ ተነሥተው ሊመለሱልዎ ይችላሉ፤ ለማስረጃ ፎቶው ይበቃል። ጉዳይዎ የት እንደደረሰ የመጠየቅ መብት አለዎት። ነገ ነይ ደግሞ መልስ አይደለም። ማመልከቻውን አሁን እጽፍልዎታለሁ፤ ዳኛዋ ፊትም የደረሰብዎን በራስዎ ቋንቋ ይናገራሉ።"

"ዳኛዋ ፊት? እኔ? ስለ ራሴ?"

"ስለ ራስዎ። አጠር አድርገው።"

"አንቺ ልጅ፣ የየት አገር ልጅ ነሽ?"

"የአሌጎ።"

"የሉዎ ልጅ ሆነሽ አጠር ማድረግን የት ተማርሽው?"

የቀጠሮው ዕለት ችሎቱ ጢም ብሎ ሞላ። ዳኛዋ ከሞምባሳ በኩል የመጡ፣ ልማዳችንን የማያውቁ ሴት ናቸው። አፖንዲ ስሟ ሲጠራ ተነሣች፣ በቀጥታ ወደ ጸሐፊው ጠረጴዛ ሄደች፣ ሃምሳ ሽልንግ ጧ አድርጋ አስቀመጠችና "ሙዚቃውን አቁሙልኝ!" ብላ ጮኸች።

ሙዚቃ አልነበረም። ልማድ ግን ነበር። በእኛ ድግስ ራሱን ማወደስ የፈለገ ሰው ይከፍላል፣ ዘፈን ይቆምለታል፣ ራሱን ሰማይ ድረስ ይሰቅላል፤ ከዚያ ሌላው ከፍሎ ሊበልጠው ይነሣል። ፓክሩኦክ ይባላል። "ስለ ራስዎ ይናገሩ" የተባለች የሉዎ ሴት ሌላ ምን ልታደርግ ኖሯል?

ዐቃቤ ሕጉ ፊቱን በመዝገብ ሸፈነ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። "ይህች ሴት ጸሐፊዬን እዚሁ ዓይኔ እያየ ጉቦ ትሰጣለች?"

"ክብርት ሆይ፣ ጉቦ አይደለም፤ በአገራችን ንግግር የሚከፈተው እንዲህ ነው" አለች አኬሎ ብድግ ብላ። "ተበዳይ በሚያውቀው መንገድ ይሰማ ይላል ሕጉ።"

"ገንዘቡ ይመለስላት። ንግግሩ ይቀጥል።"

"እኔ የገም ልጅ!" አለች አፖንዲ። "ዝናብ እሳቴን የሚፈራ! ስድስት መቶ አልቃሽ አብልቼ አንድም ሰው ሳይጠግብ ያልሄደ! ሐይቁ ዓሣውን በፈቃዱ የሚልክልኝ!" ከኋላ ሕዝቡ "አሃ!" እያለ ተቀበላት። አስተርጓሚው መጀመሪያ አላበው፤ ኋላ ግን ጣመውና በጣቶቹ ጫፍ ቆሞ ይጮህ ጀመር። "ያ ሰው ዕቃ አልወሰደብኝም፣ ስሜን ነው የወሰደው። አራት ወር እጄ ሥራ ፈትቷል። ለልጄ እሺ ልል ነው፣ የምጥደው ግን የለኝም።" ወደ ኦግዌኖ ዞረች። "ሌባዬም ወንድ ቢሆን አንድ ነገር ነው! አንዲት ጎላ ብቻውን የማያነሣ፣ ሚስቱ የምትሸከምለት!"

ኦግዌኖ ዝም የማለት መብት እንዳለው ተነግሮታል። ለሉዎ ወንድ ግን ይህ መብት ሳይሆን ቅጣት ነው። ጠበቃው ኮቱን ይዞ ቢጎትተውም ኦግዌኖ ብድግ አለ።

"ማን? እኔ? እኔ የሳክዋ በሬ! አሥራ አንዱንም ለብቻዬ፣ አንድ መዝሙር ሳያልቅ ጭኜ የጨረስኩ! ረዳት አየሁ የሚል ሰው ካለ ይውጣ!"

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ጠበቃው ብዕሩን ከደነ። "ክብርት ሆይ፣ ደንበኛዬ... የሳክዋ ሰው ነው" አለ።

"ይመዝገብ" አሉ ዳኛዋ።

"በሬውም ይመዝገብ?" አለ አስተርጓሚው።

"በሬውም።"

ኦግዌኖ በገዛ አፉ ጥፋተኛ ተባለ፤ ቅጣቱ ለሌላ ቀጠሮ አደረ። ጎላዎቹ ግን በዚያው ከሰዓት ፎቶ ተነሡ፣ በፖሊስ መኪና ተጭነው አፖንዲ ደጅ ወረዱ። አኬሎም ከዚያ ወዲህ ብቻዋን ሻይ ጠጥታ አታውቅም። የገበያው ሴት ሁሉ በሯን ያውቀዋል፤ መረቧ የተሰረቀባትም፣ ባሏ የመታትም ትገባለች። "ለተበደለ ሰው ወንበር አለ" እያለች በየዓሣው መደብ የምትለፈልፈው አፖንዲ ናት።

የአይዬው ዕለት አሥራ አንዱም ጎላ ተጣደ። ዶሮው፣ ዓሣው፣ ሥጋው፣ ገንፎው በየጎላው ፈላ። አማቾቹ በልተው ላብ በላብ ሆኑ። የወንዱ ወገን ሽማግሌ እጃቸውን እየላሱ ወደ አፖንዲ ዞሩ።

"የአዎር እናት፣ በችሎት ያደረግሽውን ሰምተናል። ልጅቱም እንዳንቺ ተናጋሪ ናት እንዴ?"

"እሷማ ትብሳለች" አለች አፖንዲ ሳህናቸውን እየሞላች። "የጥሎሹ ላሞች አነሱ ያልኳችሁ ለዚህ እኮ ነው።"

ሽማግሌው በሳቅ ትን አላቸው፤ ውሃ ተሰጣቸው፣ ጀርባቸው ተመታ። ሁለት ላም ከነጥጃቸው ጨመሩ። አፖንዲም እሺ አለች፤ ያውም ሦስተኛው ሳህን ካለቀ በኋላ።