ለአንድ እግር ዋስ

ስለ መሬት ግብር ለገበሬዎች አቤቱታ ጽፈሃል ተብዬ ተያዝሁ። ጎንደር ወህኒ ቤት ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው በክፍሉ ላይ ሳይሆን በአንድ እግር ላይ ነው፤ ጭድ ላይ የተዘረጋ፣ አውራ ጣቱ የጠቆረ ግራ እግር። ባለቤቱ አቤቱታውን ይዘው ከጭልጋ የመጡት ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ፖሊሱ የሰንሰለቱን አንድ ጫፍ በእሳቸው ቀኝ እግር፣ ሌላውን በእኔ ግራ እግር ላይ ቆለፈ።

«ጎሽ! ጸሐፊዬን አመጡልኝ» ብለው ሳቁ።

እሳቸው የሸኑበት ቦታ ጉንዳን ይሰበሰባል። እስረኞቹ «አያ ማር ይሸናሉ» እያሉ ሲያሾፉ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። እኔ ግን የስኳር በሽታ መሆኑን ጠርጥሬ ነበር። ስንተኛ ግራ እግራቸው ሲነካኝ እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዛል።

እስረኞችን ሊያይ አንዳንዴ የሚመጣ የውጭ አገር ሐኪም ነበር። አንድ ጠዋት መሬት ላይ ተንበርክኮ እግራቸውን ከላይ እስከ ታች በጣቶቹ ዳሰሰ። አብሮት የመጣው ቁስል አጣቢ ድሬሰር አስተረጎመልን። ደም እግራቸው ድረስ አይወርድም። በቀዶ ሕክምና፣ ወገባቸው አጠገብ ያለው የደም ሥሩን የሚያጠብበው ነርቭ ቢቆረጥ ደሙ ሊወርድ ይችላል። ከዘገየ ግን እግሩ ራሱ ይቆረጣል።

«እግሬ ተቆርጦ በምኔ ላርስ ነው?» አሉ። ወደ እኔም ዞሩ። «ይሞክረው በል እንጂ!»

የወህኒ ቤቱ አዛዥ ግን እንቢ አለ። «ሆስፒታል አብሮ የምልከው ጠባቂ የለኝም። ያለ ዋስ ብረት አልፈታም።» የሽማግሌው ዘመዶች ያሉት ከአይከል ማዶ ነው፤ እስኪመጡ እግሩ አይጠብቅም።

«እኔ ዋስ እሆናለሁ» አልሁ።

«እስረኛ ለእስረኛ? ለአንተስ ማን ዋስ ሆነልህ?»

ግቢው ሁሉ ሳቀ። አፈርሁም፣ ተናደድሁም። ቀኝ እግሬን ዘረጋሁለት።

«የእሳቸውን ብረት እዚህ ያድርጉት። ከጠፉ እስራታቸውን እኔ እጨርሳለሁ።»

አዛዡ ትንሽ አየኝና ቁልፍ ለያዘው ፖሊስ በአገጩ ጠቆመው።

ሁለት እግሬን ታስሬ ሰነበትሁ። ጓደኞቼ «አያ ይኼኔ ሱዳን ገብተዋል፤ አንተ እዚሁ ትሸብታለህ» እያሉ ያበሽቁኝ ነበር። አልዋሽም፣ አንዳንድ ቀን እኔም ፈራሁ።

አንድ ረፋድ ሽማግሌው በምርኩዝ እያነከሱ ብቻቸውን በበሩ ገቡ። አውራ ጣታቸው የለም፤ እግራቸው ግን አለ። «እግሬን ብታመም ጎኔን ቀደዱት! የእነዚህ ሰዎች ሥራ ዙሪያ ጥምጥም ነው» አሉ። ከዚያም ቀጥ ብለው አዛዡ ፊት ቆሙና ቀኝ እግራቸውን ዘረጉ።

«መጥቻለሁ። ዋሴን ፍቱልኝ።»

ከአዛዡ ጀምሮ የሳቀ የለም። ቀኝ እግሬን አስፈታው። ብረቱን ግን እሳቸው ላይ አላስመለሰውም፤ እስክፈታ ድረስ ባዶውን ቀለበት ስጎትት ከረምሁ።

ሽማግሌው አጠገቤ ተቀምጠው ግራ እግራቸውን ጭኔ ላይ አወጡ። «እስቲ ዳስሰው። ሸጋ አይደለም?»

ይሞቃል። እንባዬ መጣ።

ዛሬ ልጆቼ ስለዚያ ዘመን ሲጠይቁኝ መስማት የሚፈልጉት ስለ ብረቱ ነው። እሱንም እነግራቸዋለሁ። ግን አንድ ሰው ዋሱን ሊያስፈታ በዳነ እግሩ ተራምዶ ወህኒ ቤት ሲገባ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ በሰው ተስፋ ቆርጬ አላውቅም።