አባቴ መንገድ ሳተ

አባቴ መንገድ ስቶ አያውቅም። ከወግዲ ከላላ፣ ከከላላ መካነ ሰላም፣ ክረምት ከበጋ በቅሎ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ጉም በወረደ ቁጥር ነጋዴው ደጃችን መጥቶ «አቦ፣ እስቲ ያሻግሩን!» ይለው ነበር። «መሪው» ነበር የሚሉት። ሌላ ሀብት አልነበረውም፤ ይቺው ስሙ ብቻ።

እኔ ደግሞ ያኔ ወረዳው ውስጥ የመሬት ልኬት ሠራተኛ ሆኜ ነበር። የማሳ ድንበር የምንይዝበት ጂፒኤስ ተሰጥቶኝ፣ ወላሂ፣ አንገቴ ላይ ካላንጠለጠልኩት የለበስኩ አይመስለኝም ነበር። አባቴም ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ እኮ ከሰማይ ጋር ይነጋገራል» እያለ ያወራልኝ ነበር።

እናቴን ሆዷን ያመማት በሐምሌ ነው። ሁለት ቀን ሲያስመልሳት ሰንብቶ በሦስተኛው ጠዋት መካነ ሰላም ሆስፒታል እንውሰዳት ተባባልን። የቅሬው፣ የዕድራችን፣ ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ቢመጡ፣ «በቁሜ? ሂዱ ወዲያ! በቅሎዬ አለችልኝ» ብላ መለሰቻቸው። ስለዚህ ሦስታችን ብቻ ወጣን፤ እሷ በበቅሎ፣ አባቴ ከጎኗ ደግፏት፣ እኔ ከፊት።

ሜዳውን ሳናጋምስ ጉሙ ወረደ። መዳፍ እንኳ አያሳይም። አባቴ እንደ ልማዱ ልጓሙን አላልቶ በበቅሎዋ አንገት ላይ ጣል አደረገው። በጉም ጊዜ ሰው አይመራም፤ በቅሎ ትለቀቃለች፣ ሰው ይከተላል። በቅሎዋም ወደ ግራ ታጠፈች። የእኔ ጂፒኤስ ቀስት ግን ወደ ቀኝ ያሳያል። የሆስፒታሉን በር ቀደም ብዬ መዝግቤው ነበር።

«አባ፣ ይቺ እያዞረችን ነው። በዚህ ይቀርባል።»

«በቅሎዋ ታውቃለች፣ ልጄ።»

«ኧረ በአላህ፣ አባ! ከሰማይ የሚያይ መሣሪያ ይዘን በቅሎ እንከተል?»

ልጓሙን አንስቶ ሰጠኝ። እናቴ ፊት ሊያሳፍረኝ ስላልፈለገ ነው።

ደንቆሮው እኔ! ቀስቱ አቅጣጫ እንጂ መንገድ አያሳይም፤ መሀል ላይ ገደል ይኑር አይኑር ምን ያውቃል? ቁልቁል ወረድን፣ ወረድን፣ ግራ ቀኙ ቋጥኝ ሆነና ሰማዩ ጠፋ። መሣሪያው «ሳተላይት እየፈለግኩ ነው» ይላል። ብመታው፣ ባወዛውዘው፣ አሁንም ይፈልጋል። ከፊታችን ገደል ነው። እናቴ «ውሃ» ትላለች። አባቴ ልጓሙን ከእጄ ተቀብሎ ለቀቀው። በቅሎዋ ዞራ፣ ያንን ዳገት መልሳ አውጥታ፣ ቅድም ወደ ታጠፈችበት መንገድ አገባችን። ቀኑ ግን ሄዷል።

የመካነ ሰላም ቆርቆሮ ጣሪያዎች ብቅ ሲሉ እናቴ ወደ አባቴ ትከሻ ዘንበል አለች። «ደረስን እኮ፣ እማ» አልኳት። አልሰማችኝም።

ለቅሶ ላይ አንድ ሽማግሌ፣ «አንተ መሪው እያለህ እንዴት መሸባችሁ?» ብለው ጠየቁ። አፌን ከፈትኩ። አባቴ ቀደመኝ።

«መንገዱ ጠፋብኝ» አለ። «እኔ ነኝ። አርጅቻለሁ።»

እኔም ዝም አልኩ። ያ ረቢ፣ ያን ሁሉ ሰው እያየሁ ዝም አልኩ!

ከዚያ ክረምት ወዲህ ጉም ሲወርድ ደጃችን የሚመጣ ነጋዴ ጠፋ። አባቴ ግን ጉም ባየ ቁጥር በቅሎዋን ኮርቻ ጭኖ በር ላይ ይቆማል። ጉሙ ሲገለጥ ኮርቻውን ያወርዳል።