የከድጃ ሐጃ

ባለፈው ሳምንት እኛን የመካነ ሰላም መምህራንን አዳራሽ ሰብስበው አሠለጠኑን። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጫማው የእኛን አቧራ ገና ያልቀመሰ ወጣት ነው። «በምንም የማትለውጡትን ነገር፣ እሴታችሁን፣ ለይታችሁ እወቁ። ከዚያ በኋላ ሕይወታችሁን በእሱ ላይ ማቀድ ቀላል ነው» አለን። ቀላል! ኧረ ወዲያ፣ አልኩ በልቤ። አጠገቤ የተቀመጠችው መምህርት «ምን ያስቅሻል?» አለችኝ። እኔ እንኳ እየሳቅሁ አልነበረም።

በምንም የማልለውጠውን እኔ የተጠየቅሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ያውም እመት ሉባባ ቤት። እመት ሉባባ ዱአቸው ይደርሳል የሚባሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚያከብራቸው አሮጊት ነበሩ። በእኛ አገር ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው ሳይመረቅ አይወጣም፤ እኔ ደግሞ ዐረብ አገር ልሄድ ነበር። አባታችን ሞቶ እናቴ ከእኔና ከታናሽ እህቴ ከከድጃ ጋር ብቻዋን ቀርታለች። አራሽ ስለሌለን መሬታችንን ሌላ ሰው አርሶ የምርቱን እኩሌታ ይወስዳል። ደላላው ፓስፖርቴን አውጥቶልኛል። የቀረው ምርቃቱ ብቻ ነበር።

ጊዜው ጥቅምት ነው። ገብሱ ለአጨዳ ደርሷል፣ የጧቱ ብርድ ጣት ይቆነጥጣል። በወግዲ መንገድ ወደ እመት ሉባባ ቤት ቁልቁለቱን ስንወርድ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን የባቄላ ቆሎ እየዘገነች ትሰጠናለች፤ እኔ ድርሻዬን ለከድጃ አሳልፋለሁ፤ እሷ የሁለታችንንም ትቆረጥማለች። ያን ሰሞን ደሴ ለመምህራን ማሠልጠኛ መመረጤን ሰምቼ ነበር። ለእናቴ ብነግራት «እሱ ሲያልፍልን ይደርሳል» ብላ ዘጋችው። እኔ ግን ማስተማርን የጀመርኩት ገና በልጅነቴ ነው። የቤታችንን ግድግዳ በከሰል ሞልቼ፣ በቁጣም በልመናም፣ ከድጃን ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ።

እመት ሉባባ ቤት ዱአ ሲደረግ ባለጉዳዩ ሐጃውን፣ ማለት ልቡ የሚሻውን ነገር፣ በገዛ አፉ ይናገራል። የተሰበሰበው ሰው መዳፉን ዘርግቶ አሚን ይላል። አሚን ከተባለ አለቀ፤ ማንም አይሽረውም።

«ሐጃሽ ምንድን ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

እናቴ ቀደመችኝ። «መንገዷን እንዲያቀናላት፣ ደግ አሠሪ እንዲሰጣት ዱአ ያድርጉላት፣ እመት።»

«አንቺን አልጠየቅሁም። እሷ አፍ አላት።»

እናቴ ያለችውን ልደግም ነበር፤ ወላሂ፣ እሱኑ ልል ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «መምህርት ልሁን፤ አገሬ ልቅር» የሚል ሆነ።

«አላህ ይሙላልሽ!» አሉ።

ቤቱ ሙሉ «አሚን!» አለ። ከሁሉም በላይ ጮኻ ያለችው ከድጃ ነበረች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ስንመለስ እናቴ ከፊት ከፊታችን ትፈጥን ነበር። የዳገቱ ወገብ ላይ ስንደርስ ግን ቆመችና «እሺ፣ አንቺስ የልብሽን ተናገርሽ፤ ይኼን ቤት ማን ያንሣው?» አለችኝ። ከዚያ ዞር ብላ ከድጃን አየቻት። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ ከዐይኔ አልጠፋም።

ከድጃ ገና የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ደላላው ዕድሜዋን ጨምሮ ወረቀቷን አወጣላት። እሷ ለምርቃት እንኳ አልተወሰደችም፤ እናቴ ዳግመኛ እመት ሉባባ ፊት ልጅ ይዞ መቅረብን ፈርታለች። ሁለታችንም በአንድ አውቶቡስ ወጣን። ደሴ ላይ እኔ ወረድኩ፣ እሷ ቀጠለች። በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ «ስመለስ ታስተምሪኛለሽ!» አለችኝ፤ እየሳቀች።

በላከችው ቤታችን ቆርቆሮ ለበሰ፣ እናቴም ሳይጎድልባት አረጀች። ከድጃ ከስንት ዓመት በኋላ ስትመለስ ግራ ጆሮዋ አይሰማም። ምን ሆነሽ ነው ስንላት «ብርድ ነው» ትላለች። በበረሃ አገር ምን ዓይነት ብርድ ነው? ከዚያ ወዲህ አብራኝ ትኖራለች፤ አላገባችም፣ ትምህርቱንም አላነሣችው።

እኔ አጠፋሁ አልልም። ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ እመልሳለሁ፣ የሚያቃጥለኝም እሱ ነው። የምሻውን ማወቄ ለእኔ ሕይወት ሆነኝ፤ ሸክሙ ግን የትም አልሄደም፣ ከእኔ ጫንቃ ወርዶ እህቴ ጫንቃ ላይ ወጣ። ያ ወጣት አሠልጣኝ፣ ሰው ሕይወቱን ብቻውን የሚያቅድ ይመስለዋል።

ከሥልጠናው ስመለስ ከድጃ ደጃፍ ላይ ስንዴ ትለቅማለች። በሚሰማው ጆሮዋ በኩል ዞሬ ተቀመጥኩ።

«ከድጃ፣ ሐጃሽ ምንድን ነው?»

«ምን ሆነሻል አንቺ? ሥልጠናው አዞረሽ እንዴ?» ብላ ሳቀች።

«የምሬን ነው። አንድም ቀን ጠይቄሽ አላውቅም።»

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። ከዚያ አንድ ጠጠር ለቅማ ጣለች። «ቆይ እስቲ፣ ላስብበት» አለች በመጨረሻ፤ «ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ አላዘጋጀሁም።»

ይኸው ሳምንት ሆነው፣ እያሰበች ነው። እኔም አሚን ለማለት እየጠበቅሁ ነው።