በሐኪሞች ቦርድ ፊት «ደህና ነኝ» ያሉት አጎቴ

አጎቴ ጋሽ በላይ ዛሬ በገዛ አፋቸው የጤና ጉድለት ጡረታቸውን ሊያስቀሩት ነበር!

ለዓመታት የጡረታ መዋጮ ሲቆረጥባቸው የኖሩ አስተማሪ ናቸው። አሁን ወገባቸው አላስቆም ስላላቸው፣ መሥራት አለመቻላቸውን የሚያረጋግጠው የሐኪሞች ቦርድ ዘንድ ከሰፈራችን ከሸዋ በር በባጃጅ ወሰድኳቸው። መንገዱን ሙሉ «ሕመምዎን እንዳይደብቁ» እያልኩ ነዘነዝኳቸው።

ከቦርዱ አንዱ ሐኪም ገና «እንዴት ነዎት?» ከማለቱ፣ ጋሼ ኮታቸውን ቆልፈው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ! እርስዎስ ዶክተር? ልጆች ደህና?» አሉት።

ሐኪሙ «ደህና» ብሎ መጻፍ ጀመረ።

«ኧረ ጋሼ፣ ወገብዎ!» ብል፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ ሰላምታችንን እንጨርስ!» ብለው ተቆጡኝ። (አስተማሪነቱስ መቼም ጡረታ አይወጣም።)

ደግነቱ ሐኪሙም የአገሩ ልጅ ነው። ሳቅ ብሎ «እስቲ ይነሱ» አላቸው።

ጋሼ ሞከሩ፣ ሞከሩ፣ አቃታቸው።

«ወንበሩ ተመችቶኝ ነው» አሉ።

እናንተስ ቤት እንዲህ ያለ ደህና በሽተኛ አለ?