ጠይቆ የማያውቀው የውሃ አባት

ከሮቢ ወንዝ ቦይ ጠልፈው የሚያጠጡት የሸዋ ሮቢት ገበሬዎች አብዱሰላምን የውሃ አባት አድርገው ሲመርጡት ከሁሉ በላይ ደስ ያላቸው ዘመዶቹ ነበሩ። ደስታቸው ብዙም አልቆየም። ተራ የሚያወጣው፣ የቦዩን አፍ የሚከፍተውና የሚዘጋው እሱ ነው። ታላቅ ወንድሙ በርበሬው ጠውልጎበት ትንሽ ቀደም ብሎ እንዲለቅለት ቢለምነው፣ ተራህን ጠብቅ ብሎ አሰናበተው። ወንድምየው እስከ ዛሬ ዒድ ካልሆነ አያናግረውም። ከዚያ ወዲህ የአብዱሰላም ዘመድ መሆን መጦም ነው እየተባለ ይቀለዳል፤ ያም ሆኖ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ምርጫ በመጣ ቁጥር እጁን የሚያወጣው ለእሱ ነው።

ደረቅ ሰው ነው፤ ይህን ወዳጆቹም አይክዱም። ለራሱ ያወጣት አንዲት ሕግ አለችው፦ ከማንም ምንም አይጠይቅም። በሬ አይዋስም፣ ዘር አይበደርም፣ ቤቱ ሲያፈስ እንኳ ጎረቤት አልጠራም። የውሃ አባት ጠየቀ ማለት አዘዘ ማለት ነው ይላል። ውሃው በእጁ ያለን ሰው ማን ደፍሮ እምቢ ይለዋል? ይህችን ነገር ከእሱ የሚበልጥ ወንበር ላይ የተቀመጡ ብዙዎች ቢያውቋት፣ አገር በተሻለው ነበር።

ከተማዋ ዳር የቲማቲም ድልህ ፋብሪካ ሲተከል ሰዉ ሁሉ ተስፋ አደረገ። አይፈረድበትም። ቲማቲም በደረሰ ቁጥር ዋጋው ይወድቅና ገበሬው ከመንገድ ዳር ይደፋዋል፤ ፍየሎቹ እንኳ ሰልችቷቸው አልፈውት ይሄዳሉ። ልጆቹ ደግሞ ትምህርት ጨርሰው ወይ ባጃጅ ተራ ተኮልኩለው ይውላሉ፣ ወይ አረብ አገር ይሄዳሉ። የአብዱሰላም ሁለት ሴቶች ልጆች እዚያው ናቸው፤ የአንደኛዋ ድምፅ ከተሰማ ከርሟል። የመጨረሻዋ ሒክማም ለመሄድ ተነስታ ነበር። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀጥር ተፈትና አለፈችና የጀመረችውን የፓስፖርት ጉዳይ ተወችው። አባቷ ለሰው ምንም አላለም፤ ለብቻው ሲሆን ግን አላህን እያመሰገነ ያለቅስ ነበር።

የሙከራው ምርት ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው የፋብሪካው ጉድጓድ ፓምፕ ተቃጠለ። አዲሱ ቶሎ አይደርስም። ገዢዎቹ ደግሞ ቅዳሜ ሊያዩ ይመጣሉ። ሳይዋዋሉ ከተመለሱ የቲማቲሙ ወቅት ያልፋል፣ የተቀጠሩትም በሙሉ ይሰናበታሉ። ሥራ አስኪያጁ ሚኪያስ ትሑት ልጅ ነው፤ ጫማውን አውልቆ ቦዩን ተሻግሮ መጣና ይህን ሁሉ ሳይደብቅ ነገረው። ቦዩ የሚያልፈው በፋብሪካው ጀርባ ነው፤ የሚፈልገው የቅዳሜን ጠዋት ውሃ ብቻ ነበር።

የቅዳሜ ጠዋት ተራ ግን የእትዬ ከበቡሽ ነው። እትዬ ከበቡሽ የልጅ ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ ባልቴት ናቸው። ወሩ ሚያዝያ ነው፣ ሮቢ ቀጥኗል፣ ሽንኩርታቸው ከሥሩ መወፈር ጀምሯል። ይህች ተራ ካመለጠቻቸው ዞራ እስክትደርሳቸው ፀሐዩ ይጨርሰዋል። አብዱሰላም የራሱን ተራ እንዳይሰጣቸው፣ አጠጥቶበት አልፏል። በቦዩ ደንብ ደግሞ ተራ አይነጠቅም፤ ባለተራው በገዛ አፉ ካላበደረ በቀር።

ሚኪያስ እትዬ ከበቡሽ ዘንድ ሄዶ እንክሳለን አላቸው። እሳቸውም እስኪጨርስ ሰምተውት፣ አብዱሰላም ምን አለ ብለው ብቻ ጠየቁት። አብዱሰላም ምንም እንዳላለ ሲነግራቸው፣ እንግዲያው እኔም ምንም አልልም አሉ።

ነገሩ ተመልሶ አብዱሰላም ትከሻ ላይ ወደቀ። ገበያ ሲወጣ ሰላምታው ቀዘቀዘበት። ልጆቻቸው የተቀጠሩላቸው ወላጆች ሲያዩት መንገድ ይቀይራሉ፤ ሽንኩርት ያላቸው ደግሞ ለልጁ ሲል ሊሸጠን ነው እያሉ ያንሾካሹካሉ። ዓርብ ወደ ማታ፣ ቀኑን ሙሉ ያኮረፈችው ሒክማ መጥታ ፊቱ ቆመች።

«አባ፣ አንድ ቃል ነው። ጠይቃቸው። እምቢ ካሉም ይበሉ።»

«እኔን እምቢ ማለት አይችሉም፣ ልጄ።»

«እኔስ? ሥራው ከቀረ እዚህ መቀመጥ የምችል ይመስልሃል?»

ድምፅዋ የጠፋው እህቷ ዓይኑ ላይ ድቅን አለችበት፤ ፈራ፣ ክፉኛ ፈራ። ራቱን ሳይነካ ተነስቶ ወጣና የቦዩን ሽማግሌዎች ሰበሰበ፤ ከዚህች ሰዓት ጀምሮ የውሃ አባት አይደለሁም አላቸው። ሙቀቱ ናላውን ያዞረው መሰላቸው። ቢለምኑትም አልተመለሰም። ምክትሉ ተሰማ ተተካ።

ቅዳሜ ሲነጋ ተሰማ የቦዩ አፍ ላይ ቆሞ የባለተራዋን ቃል ይጠብቃል። ከፋብሪካው አጥር ወዲያ ቱታ የለበሱት ሠራተኞች ተደርድረዋል፤ ሒክማም መካከላቸው አለች። አብዱሰላም እትዬ ከበቡሽ ማሳ ዳር ደርሶ እጅ ነሳ።

«እትዬ ከበቡሽ፣ የውሃ አባትነቱን ማታ መልሻለሁ፤ ተሰማ ምስክሬ ነው። ከእንግዲህ በውሃዎ አልጠቅምዎትም፣ አልጎዳዎትም። የመጣሁት የሒክማ አባት ሆኜ ነው። የዛሬን ተራ ለፋብሪካው ያበድሩልኝ።»

በዕድሜው ሰው ለምኖ አያውቅምና እጁን የት እንደሚያደርገው እንኳ ጠፋው። አሮጊቷ ሽንኩርታቸውን አዩ፣ አጥሩን አዩ፣ እሱንም አዩት።

«አሁን እምቢ ብልህ፣ ምን ታደርገኛለህ?»

«እቀየምዎት ይሆናል። ውሃዎ ግን ይመጣል።»

«እንግዲያው እምቢ። እነዚህን ሕፃናት ምን አበላቸዋለሁ?» አሉና ለተሰማ እንዲለቅላቸው በእጃቸው ምልክት ሰጡት።

ተሰማ ከፈተ። ውሃው እየተንደረደረ መጥቶ ወደ ሽንኩርቱ ታጠፈ። ከአጥሩ ወዲያ አንዳንዶቹ ፊታቸውን አዙረው ወደ ውስጥ ገቡ። እትዬ ከበቡሽ ውሃውን በመቆፈሪያቸው ወደ መደቡ እየመሩ፣ ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«ትናንት በሹመትህ ብትጠይቀኝ ኖሮ እሰጥህ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ አብዱሰላም። ከዚያም ቦዩን ተሻግሮ፣ ልጁ ወደቆመችበት አጥር ቀስ እያለ መሄድ ጀመረ።