የጾም ቲማቲም

«ቲማቲምም ፍስክ ሆነ በለኛ!» ብላ ቤቲ እጇን ከትሪው ሰበሰበች።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ በያይነቱ ከበን፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ የክላሴን ልጆች መጠይቅ እያስሞላሁ ነበር። «የዓሣ ጂን የገባበት ቲማቲም ቢመጣ ትበላላችሁ?» ይላል።

እኔ ካንሰር ያነሳሉ ብዬ ነው የጠበቅኩት።

ሀብታሙ «ዓሣ እኮ በጾም ይበላል» አለ። በቃ፣ ቲማቲሙ ተረሳ! ሽሮው እስኪቀዘቅዝ ስለ ዓሣ ተጨቃጨቁ።

ሰሚራ ብቻ «ለኛ ዓሣ ሐላል ነው» ብላ ሰላጣውን ጠርጋ በላችው።

«ለጤና ያሰጋል?» የሚለውን ሌሎቹ ሁሉ ባዶ ትተውታል። ቤቲ ብቻ «እሱን እግዜር ያውቃል» ብላ ጽፋለች።

እናንተስ ትበላላችሁ? ስለ ዓሣው ኮሜንት የሚጽፍ ግን ብሎክ ነው።