እንግዳ የለበሰው ድሪቶ

አዲስ ጨርቅ ከጣቃው ተቆርጦ፣ ተከትፎ፣ እንደገና ሲጣፍ ያየሁት በዚህ ዕድሜዬ ነው። ሐይቅ ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ልብስ መስፋት የጀመርኩት ገና ልጅነቴን ሳልጨርስ ነበር። እኔ የማውቀው ጥፈት የተቀደደ ጉልበት ነው፣ የሳሳ ክርን ነው፣ ልጅ አጥር ሲዘል የቀደደው የሱሪ መቀመጫ ነው። ደህናውን ቀዶ መጣፍ ጥጋብ ነው አልኩ፤ አሁንም የምለው ይህንኑ ነው።

ይህን ያመጣችብን ከትልቅ ከተማ የተላከች አሰልጣኝ ናት። የከተማውን ልብስ ሰፊዎች አዳራሽ ሰብስባ ቢጫውን፣ ብርቱካንማውን፣ ወይን ጠጁን፣ ዓይን የሚወጋውን አረንጓዴ በየጣቃው ዘረገፈችልን። "ፈጠራ ነው" አለች። መቀስ አንስተን ያንን የመሰለ ጨርቅ በመዳፍ በመዳፍ ስፋት ቆራረጥነው፣ ከዚያ ደግሞ መልሰን ገጣጠምነው። አንድ ቀሚስ የሚወጣው ጨርቅ እንደ ሽንኩርት ሲከተፍ እያየሁ አፌን መረረኝ።

መስፋቱን ግን ሰፋሁ። ለኤግዚቢሽኑ እያንዳንዳችን አንድ የአልጋ ልብስ እንድናቀርብ ታዘን ነበር። የእኔው መሃሉ ላይ ፀሐይ፣ ዙሪያውን አበባ ነኝ የሚል ነገር አለበት። ስጨርስ መሬት ላይ አንጥፌ ቆሜ አየሁት። የሰርግ ድንኳን ላይ ቀለም የተደፋ ይመስላል። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው፣ እጄን አላማም፤ ነገሩ ግን አስጠላኝ።

አንድ ቀን አሰልጣኟን ምሳ ጠራኋትና ዓሳ ጠብሼ አበላኋት። የምኖረው ከእናቴ ጋር ከሱቄ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው፤ እናቴ የአምባሰል መንደሯን ትታ እኔ ዘንድ ከገባች ከርማለች። ያን ቀን ድሪቶዋን የጓሮ አጥር ላይ ሰቅላ ፀሐይ ታስመታው ነበር። አሰልጣኟ በመስኮት አየችውና ምግቡን ትታ ሮጠች። በዘይት እጇ ጫፉን ይዛ ታገላብጠው ጀመር።

ስለዚህ ድሪቶ መናገሬ ካልቀረ እንዳለ ልናገር። እናቴ ሾተላይ ነበረባት ይባላል። ከእኔ በፊት የወለደቻቸው አንዳቸውም ሳይድሁ ቀርተዋል። እኔን ስታረግዝ ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት ሙስሊም ሴት "አብሽሪ፣ ይቺንስ እንሸሽጋታለን" አሏትና ተነሱ። በመንደራችን ልማድ እናቲቱ ራሷ አትለምንም፤ የምትለምንላት ጎረቤት ናት። ሴትዮዋ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ደጅ እየቆሙ፣ ልጅ ከበረከተበት ቤት ሁሉ አንዳንድ እራፊ ለመኑላት። አዲስ ጨርቅ አይሆንም። ሰው ለብሶ የጨረሰው፣ ላብ የጠጣ መሆን አለበት። ካንዱ ቤት የገበሬ ቁምጣ፣ ካንዱ የሽርጥ ጫፍ፣ ካንዱ የነጠላ ጥለት መጣ። እናቴ ሁሉንም በእጇ ጣፈችና ስወለድ በእሱ ጠቀለለችኝ። ሞት ሲመጣ የየትኛው ቤት ልጅ እንደሆንኩ ግራ ገብቶት እንዲያልፈኝ ነው። እኔም ይኸው አለሁ።

ድሪቶው ሕግ አለው። ውሃ አይነካውም፤ ፀሐይ ብቻ። የተሸሸገችው ልጅ በሕይወት እስካለች ደግሞ ሌላ ሰው ትከሻ ላይ አይወጣም። ከወጣ መጋረጃው ተገለጠ ማለት ነው።

እንግዲህ የእኔን ዕድሜ ያህል ያልታጠበ ጨርቅ ነው የማወራው። ልጅ ሆኜ ለብሼው ስተኛ የማላውቃቸው ሰዎች ብብት ይሸተኝ ነበር። ቁንጫ አሳድጓል፣ ቅማል አሳድጓል፣ እኔንም አሳድጓል። ካደግሁ በኋላ በጣቴ ጫፍ እንኳ ነክቼው አላውቅም፤ እናቴ ስታጣጥፈው ፊቴን አዞራለሁ። የሰው ልብስ ስለካ፣ ስፈታ፣ ስገለብጥ የምውል ሰው ነኝ፤ የሚያቅለሸልሽ ነገር ያላየሁት የለም ብል ማጋነን አይሆንም። እንደ እሱ ያለ ግን አልገጠመኝም።

"እማማ፣ ይህማ ቅርስ ነው" አለች አሰልጣኟ፣ በስልኳ ፎቶ እያነሳችው። "ኤግዚቢሽኑ ላይ እንስቀለው። የዚያኑ ዕለት ማታ ይመለስልዎታል።"

እናቴ የድሪቶውን ሌላኛውን ጫፍ ያዘች። ቤቷ ገብቶ እህል የቀመሰ እንግዳ የጠየቃትን እምቢ ማለት አትችልም፤ አውቃታለሁ።

"ግድግዳ ላይ ከሆነ ይሁን፣ ልጄ" አለች በመጨረሻ። "ሰው ትከሻ ላይ ብቻ እንዳይወጣ። አደራ።"

"አደራ እማማ፣ ምን ሲደረግ።"

አደራ የሚለው ቃል ከአፏ እንደ ማስቲካ ወጣ። ስልኳን እያየች ነበር።

የኤግዚቢሽኑ ዕለት አዳራሹ ከጣሪያ እስከ ወለል በጨርቅ ተጥለቅልቆ ዋለ። የእናቴ ድሪቶ "የጥንቱ" የሚል ወረቀት ተለጥፎበት መጨረሻው ጥግ ላይ ተሰቅሏል። ጎብኚው ሁሉ እሱ ጋ ሲደርስ አፍንጫውን በነጠላው ወይም በመዳፉ ይይዝና "ውይ፣ እንዴት ደስ ይላል" ይላል። አንጀቴን ያቃጠለው ይህ ነው። የሸተተው ሰው ሸተተኝ ይበል። እኔ ዕድሜ ልኬን ብያለሁ፤ እናቴም ሰምታኛለች፣ ተቀይማኝም አታውቅም።

የክብር እንግዳው ዘግይተው መጡ። ከአጃቢዎቻቸው ጋር እየዞሩ አዩና መድረክ ላይ ወጥተው ረጅም ንግግር አደረጉ። "ያ ጥግ ላይ ያለው ድሪቶ ማንነታችን ነው፤ ነፍሴን ነካው" አሉ። ተጨበጨበ። ቀጥሎ እንደ ወጉ ለእንግዳው ካባ ማልበስ ነበር። ካባው ግን ደሴ ቀርቶ ኖሯል። አዘጋጆቹ ሲንሾካሾኩ፣ አንዱ ወደ ጥጉ ሲጠቁም አየሁ። ትንሽ ቆይቶ መድረክ መሪው የእናቴን ድሪቶ በሁለት እጁ አቅፎ ብቅ አለ፤ ለክቡር እንግዳችን የተዘጋጀ ልዩ ስጦታ ብሎ በማይክራፎን ለፈፈ።

እናቴ ፊት ረድፍ ላይ ነበረች። አይሆንም ልትል ብድግ አለች። አፏ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፤ ድምጿ ግን ጭብጨባው ውስጥ ጠፋ። መድረክ መሪው ብድግ ማለቷን በሌላ ተረጎመው። "የሠሩት እናት ራሳቸው ያልብሱልን" አለ። ሁለት ሴቶች ክንድና ክንዷን ይዘው አወጧት። አሰልጣኟን በዓይኔ ፈለግኋት። መድረኩ ሥር ተንበርክካ ፎቶ ታነሳለች።

እናቴ ድሪቶውን ይዛ እንግዳውን አየቻቸው። ሰውየው ትከሻቸውን ዝቅ አድርገው ይጠብቃሉ። እኔ ከኋላ ሆኜ የሚሆነውን አውቄዋለሁ፤ የወሎ ሴት ሕዝብ ፊት ያጎነበሰ እንግዳ ላይ እጇን አታጥፍም። አለበሰቻቸው። "ዕድሜ ይስጥዎ" ብላም መረቀች። አዳራሹ እልልታ ሆነ። የእኔን ዕድሜ የሸሸገችበትን ጨርቅ በገዛ እጇ ለማታውቀው ሰው አልብሳ ዕድሜ ይስጥዎ አለች።

ቤት ስንገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እጇን ዘርግታ ግንባሬን ነካች።

"ያምሻል?"

"ምንም አላመመኝ። እማ፣ ጨርቅ ነው እኮ።"

"ጨርቅ መሆኑንስ መች አጣሁት።"

"ሄጄ ላምጣልሽ?"

"ያለበስኩትን ሰው ልግፈፍ? ነውር ነው።"

እጇ ግንባሬ ላይ ይንቀጠቀጣል። ውሃ ሰጠኋት፣ አልጠጣችም። ወደ ሱቁ ልወጣ ስል ቀሚሴን ይዛ አስቀረችኝ፤ መንገድ እንዳልሻገር፣ መኪና እንዳይገጨኝ ፈርታ ነው። እኔ በሾተላዩም በመሸሸጉም አላምንም። የእናቴ እጅ እንዲያ ሲንቀጠቀጥ ግን አይቼ አላውቅም፣ እና አስፈራኝ። ሰውየው ከተማውን ከለቀቁ በኋላ ብናደድ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ቀሚሴን ከእጇ አስለቅቄ ወጣሁ፤ የራሴን ባለፀሐይ የአልጋ ልብስ ከአዳራሹ አንስቼ ባጃጅ ያዝኩና ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ትልቅ እንግዳ ሁሉ ምሳ የሚበላው እዚያ ነው።

መኪናቸው ዛፍ ጥላ ሥር የኋላ በሩ ተከፍቶ ቆሟል። ሾፌሩ ለቤታቸው የተገዛ ቆሮሶ ዓሳ ይጭናል። ዓሳው ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ነው፣ ከረጢቱ ያንጠባጥባል። ከሥሩ የተነጠፈው፣ ከላይም የተሸፈነው የእናቴ ድሪቶ ነበር። የሽርጡ ጫፍ ላይ የዓሳ ልጋግ ይንዠቀዠቃል፤ የነጠላው ጥለት ላይ ቅርፊት ተለጥፏል፤ ዝንቡ ገና ከመጫኑ ሰፍሮበታል። አፌን ይዤ ዛፉን ተደገፍኩ።

"ወንድሜ፣ ይህ ጨርቅ ምንድን ነው?" አልኩት ሾፌሩን።

"እኔንጃ፣ እህቴ። አዳራሹ ውስጥ ሰጥተዋቸው ነው መሰል። መኪናው እንዳይሸት አንጥፍበት አሉኝ።"

"እሳቸው ናቸው ያሉህ?"

"እሳቸው ናቸዋ።"

ዓሳ ግማቱ ከአናቱ የሚባለውን ተረት ስሰማው ነው የኖርኩት። ያን ቀን አፍንጫዬ ድረስ ገባኝ።

እንግዳው ከወዳጆቻቸው ጋር ዓሳ እየበሉ ነበር። እጅ ነሣሁ። ከኤግዚቢሽኑ መላኬን፣ አሮጌው ድሪቶ በአዲስ እንዲለወጥላቸው መፈለጉን ተናገርኩና ባለፀሐዩን ዘረጋሁላቸው። በቅባት ጣታቸው ዳሰሱት።

"ይሄማ ንጹሕ ነው" አሉ። "ያኛው እንኳ ትንሽ..." ብለው አፍንጫቸውን ነካ ነካ አደረጉና ሳቁ። ወዳጆቻቸውም ሳቁ። "ለሾፌሩ ስጪው።"

የማን እንደነበር አልጠየቁም። ማን እንዳለበሳቸውም ትዝ ያላቸው አልመሰለኝም። አፌ ላይ የመጣው ብዙ ነበር፤ ምራቄን ዋጥኩና ተመለስኩ። ብሳደብ ኖሮ ነገሩ መግፈፍ ይሆናል፣ እናቴም አትቀበለኝም። ሾፌሩ ድሪቶውን ከዓሳው ሥር መዘዘልኝና በቦታው የእኔን ፀሐይ አነጠፈ። የዓሳው ደም በዚያ ዓይን በሚወጋ አረንጓዴ ላይ ሲሰራጭ ቆሜ አየሁ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ያ ጨርቅ ከተሰፋ ወዲህ ሥራ ያገኘው ገና ያኔ ነው።

በመልሱ ጉዞ ባለባጃጁ በመስታወቱ እያየኝ "እህቴ፣ ዓሳሽ የከረመ ነው መሰለኝ" አለኝ።

"ዓሳ አይደለም" አልኩት። "እኔ ነኝ የሸተትኩህ።"

መስታወቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

እናቴ ድሪቶውን ሳታይ በፊት ሸተታት። ተቀብላኝ በጣቶቿ ዳር ዳሩን ዳሰሰች፤ ጎረቤታችን የለመኑላት የሽርጥ ጫፍ ጋ ስትደርስ ቆመች። ሴትዮዋ ካረፉ ቆይተዋል።

"ገፈፍሻቸው?"

"የተሻለ አልብሼ ለወጥኳቸው። በፈቃዳቸው ነው።"

በረጅሙ ተነፈሰች።

"አሁን ግን ይታጠባል" አልኳት። "የዓሳ ልጋግ ነው፣ እማ። ቤት ውስጥ አያስቀምጥም።"

"ውሃ አይነካውም። ነይ ወዲህ።"

"ምን ልታደርጊ?"

"የሌላ ሰው ትከሻ ነክቶታል። ሰውየው እንዲለቀው ጀንበር እስክትጠልቅ ባለቤቷ ትለብሰዋለች።"

ይህ ሕግ ከጥንት የነበረ ይሁን ያኔ የፈጠረችው እስከ ዛሬ አላውቅም። ጎንበስ አልኩላት። እርጥቡ አንገቴ ላይ ሲያርፍ ሰውነቴ ሁሉ ተሸማቀቀ። አንድ ቅርፊት ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ ቀረ። የሐይቁ ክርፋት፣ የገበሬው ላብ፣ የአሰልጣኟ ዘይት፣ የእንግዳው ሽቶ፣ ሁሉም አንድ ላይ አፍንጫዬ ሥር መጣ። ሱቁን ከፍቼ እንደዚያው የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ፤ የሚደርስ ሥራ ነበረብኝ።

ቀሚስ ልታስጠብብ የመጣች ደንበኛዬ በሩ ላይ ቆመች። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች።

"ውይ፣ እንዴት ደስ የሚል ነገር ለብሰሻል" አለችኝ።

"ይሸታል በይ" አልኳት።

አየችኝ። ነጠላዋን ከአፍንጫዋ አወረደች። "ይሸታል" አለች።

"አዎ፣ ይሸታል። ግቢ፣ ቀሚሱን ላየው።"

እናቴ የጀርባው ክፍል በር ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። እጇ ጉልበቷ ላይ አርፏል፣ አይንቀጠቀጥም። ፔዳሉን ረገጥኩ። ድሪቶው ከትከሻዬ ሊንሸራተት ሲል በክንዴ ያዝኩና መልሼ ወደ አንገቴ ሳብኩት።